ከ1ኛ ክፍል የተረፈ ፍርሃት እስከ ሥራ ቦታ ይከተላል?

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የ31 ዓመት ሴት ነኝ፤ በአንድ ፋብሪካ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። 1ኛ ክፍል የተማርኩት ዘጠና የምንሆን ልጆች በታጨቅንበት ክፍል ነበር። መምህራችን ሰሌዳ ላይ ወጥቶ መመለስ ያቃተውን ልጅ ይገርፍ ነበር፤ እኔንም በልጆቹ ፊት ‹ደንቆሮ› ይለኝ ነበር። ዛሬም ስብሰባ ላይ ስሜ ሲጠራ አፌ ይደርቃል፤ የማውቀው ሁሉ ይጠፋብኛል። የክፍል ኃላፊ እንድሆን ሁለት ጊዜ ተጠይቄ፣ ሪፖርት በሰው ፊት ማቅረብ ስለሚጠይቅ ብቻ እምቢ ብያለሁ። አሁን የ4 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ባለቤቴ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር፣ ከደመወዛችን ትልቁን ድርሻ የሚወስድ መዋዕለ ሕፃናት እናስገባት ይላል። እናቴ ቁርኣን ቤት ትጀምር ትላለች። አብሮኝ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ደግሞ 7ኛ ክፍል ደርሶ አንድ አንቀጽ ሳይደናቀፍ ማንበብ አይችልም፤ 1ኛ ክፍል እያለ ነው ትምህርት ቤት በኮሮና የተዘጋው። የእኔ ነገር አልቆለታል? ለእነሱስ ምን ላድርግ?»

የእርስዎ ነገር አላለቀም። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት በኋለኛ ሕይወት ላይ የሚያሳድሩት ተጽዕኖ እውነተኛ ነው፤ ብዙ ሰው ከሚገምተውም ይበልጣል። ነገር ግን ተጽዕኖው ከልጅነት ወደ ጉልምስና በአንድ ዝላይ አይሻገርም። 1ኛ ክፍል ላይ የፈራ ልጅ እጁን አያወጣም፤ እጁን ያላወጣ ልጅ ስሕተቱ አይታረምለትም፤ ስሕተቱ ያልታረመለት 4ኛ ክፍል ላይ ወደኋላ ይቀራል፤ ወደኋላ የቀረው ደግሞ «ትምህርት አይሆነኝም» ብሎ ራሱን ያሳምናል። ይህ ሁሉ በየዓመቱ እየታደሰ የሚሄድ ነገር ነው፤ በየዓመቱም ሊቋረጥ ይችላል። እርስዎ አብዛኛውን አቋርጠውታል። ከዚያ ክፍል ወጥተው ዛሬ የአንድ ፋብሪካን ሒሳብ ይይዛሉ። የቀረው በሰው ፊት መናገር ነው።

ለምን እሱ ብቻ እንደቀረ ለመረዳት፣ የልጅነት ትምህርት ለአዋቂው የሚያስተላልፈው ምን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። በዚህ ላይ እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቁኝ ተማሪዎችን እስከ ጉልምስና የተከታተሉ ጥናቶች ናቸው። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ይፕሲላንቲ በምትባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 የተጀመረው የፔሪ ፕሮግራም 123 የድሃ ቤተሰብ ልጆችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ገሚሶቹ በ3 እና በ4 ዓመታቸው ጠዋት ጠዋት ተማሩ፤ መምህራኑም በየሳምንቱ ቤታቸው እየሄዱ ከእናቶቻቸው ጋር ይሠሩ ነበር። የተማሩት ልጆች በመጀመሪያ በአእምሮ ችሎታ ፈተና በልጠው ታዩ። 10 ዓመት ሳይሞላቸው ግን ብልጫው ጠፋ፤ ብዙ ሰውም ፕሮግራሙ ከንቱ ቀረ አለ። ተመራማሪዎቹ አላቆሙም። ልጆቹ 40 ዓመት ሲሞላቸው ከተማሩት 76 በመቶው ሥራ ላይ ነበሩ፤ ካልተማሩት 62 በመቶው። የተማሩት ገቢያቸውም የተሻለ ነበር፤ በተደጋጋሚ የታሰሩትም ከእነሱ መካከል ጥቂት ነበሩ።

እዚያው አሜሪካ በቴነሲ ግዛት የተደረገው ጥናት ከዚህ በብዙ እጥፍ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ለ4 ዓመታት በ79 ትምህርት ቤቶች ከ11,000 በላይ ልጆች፣ መምህራንም ጭምር፣ በዕጣ ወደ አነስተኛና ወደ መደበኛ ክፍሎች ተመደቡ። አነስተኛው ክፍል ከ13 እስከ 17፣ መደበኛው ከ22 እስከ 25 ልጆች የያዘ ነበር። ከዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች እነዚህ ልጆች በ27 ዓመታቸው ያገኙትን ገቢ ከግብር መዝገብ አወጡ። እዚያም ያው ነገር ተገኘ፦ ጥሩ የመዋዕለ ሕፃናት ክፍል የሰጠው የፈተና ብልጫ በከፍተኛ ክፍሎች ይደበዝዛል፤ ደመወዝ ላይ ግን ተመልሶ ብቅ ይላል። ከ10 ዓመት በላይ ልምድ ያላቸው መምህራን የደረሷቸው ሕፃናት አድገው የተሻለ ያገኙ ነበር።

የፈተናው ብልጫ ከጠፋ ሃያ ዓመት ተሻግሮ ደመወዝ ላይ የደረሰው ምንድን ነው? ከሁለቱም ጥናቶች የተገኘው ፍንጭ ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታል። የቀረው የልጁ ጠባይ ነው፤ የጀመረውን ሳይጨርስ አለመተው፣ ያልገባውን መጠየቅ፣ ተራ መጠበቅ፣ ሲሳሳት ሳይሸማቀቅ እንደገና መሞከር። እንዲህ ያለው ነገር የሚታነጸው ልጁ ሲሳሳት ትልቁ ሰው በሚያሳየው ፊት ነው። የእርስዎም ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ሰው እያየዎት መሳሳት አደጋ እንደሆነ በ7 ዓመትዎ ተምረዋል፤ በደንብም አጥንተውታል።

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ የምናገረው አንድ ነገር አለ። ልጅን ለመምህር ሲያስረክቡ «ዓይኑን ብቻ አደራ፣ ሌላውን እንዳሻዎት» ማለት የኖረ ልማድ ነው፤ ዛሬም «ባልገረፍ ኖሮ ሰው አልሆንም ነበር» የሚሉ የተማሩ ሰዎችን በየቦታው እሰማለሁ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጹ ሕፃናት በትምህርት ቤቶች ከሚፈጸም የአካል ቅጣት ነፃ እንደሆኑ ደንግጓል። ይህ የ1987 ዓ.ም. ሕግ ነው፤ እርስዎ 1ኛ ክፍል ሲገቡ በሥራ ላይ ነበር። ስለዚህ የደረሰብዎት ነገር «በዚያ ዘመን እንዲያ ነበር» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ በዚያ ዘመንም የተከለከለ ነበር።

አሁን ስለ ፍርሃቱ አሠራር። ሰው ጥያቄ ሲቀርብለት መልሱን እስኪያደራጅ ድረስ ነገሮችን ለጊዜው በአእምሮው ይዞ ይቆያል፤ በሥነ ልቦና ይህ «የሥራ ትውስታ» ይባላል። ይህ ትውስታ ጠባብ ነው። «ቢሳሳትብኝስ? ቢስቁብኝስ?» የሚለው ሐሳብ ሲገባ ያችኑ ጠባብ ቦታ ይሻማል፤ ለሒሳቡ የሚቀረው ያንሳል። «የማውቀው ይጠፋብኛል» ያሉት በትክክል ይህን ነው። ዕውቀቱ አልጠፋም፤ ለዚያች ደቂቃ ማንሻ ቦታ አጣ። ከስብሰባው ወጥተው ደረጃ ሲወርዱ ሁሉም ነገር ተመልሶ እንደሚመጣልዎት እርግጠኛ ነኝ።

ፍርሃቱን 24 ዓመት ያቆየው ግን ያ መምህር ብቻ አይደለም። እምቢ ባሉ ቁጥር እፎይ ይላሉ፤ እፎይታው ደግሞ «መሸሽሽ ልክ ነበር፣ ባትሸሺ ኖሮ ጉድ ይፈላ ነበር» ብሎ ለሰውነትዎ ይመሰክራል። በሰው ፊት ቆሞ ተሳስቶም ምንም ያልሆነበት ቀን ስለሌለ፣ የ7 ዓመቷ ልጅ የያዘችው ማስረጃ እስከ ዛሬ አልተነካም። ይህ መጥፎ ዜና ቢመስልም መልካም ዜና ነው፤ ያ ክፍል ተመልሶ አይስተካከልም፣ መሸሹ ግን ዛሬ ሊቆም ይችላል።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ ነው። መጀመሪያ የወሩን ሪፖርት ቤት ውስጥ ቆመው፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ለባለቤትዎ ያቅርቡ። ቀጥሎ ለአንድ ለሚቀርብዎት የሥራ ባልደረባ። ከዚያ ስብሰባ ላይ አስቀድመው የጻፉትን አንድ አጭር ጥያቄ ይጠይቁ፤ ስብሰባው እንደተጀመረ ይሁን፣ ምክንያቱም ሳይናገሩ በቆዩ ቁጥር ፍርሃቱ እየጨመረ ነው የሚሄደው። ቀጥሎ አንዲት ሠንጠረዥ ብቻ ያስረዱ። በእያንዳንዱ ደረጃ ፍርሃቱ ራሱ እስኪበርድ እዚያው ይቆዩ፤ በመካከል አቋርጦ መቀመጥ የድሮውን ትምህርት ያጠናክራል። አንገት ደፍቶ ከወረቀት ማንበብም ሽሽት ነውና ቀስ በቀስ ይተዉት። ድምፅዎ ቢንቀጠቀጥ ይንቀጠቀጥ፤ የምንፈልገው ተንቀጥቅጠውም መጨረስዎን ሰውነትዎ እንዲያይ ነው። በየሳምንቱ ከተደጋገመ በጥቂት ወራት ውስጥ ለውጡን ያዩታል። ፍርሃቱ ከስብሰባ አልፎ እንቅልፍ የሚነሳ፣ ገበያና ሠርግ የሚያስቀር ከሆነ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ለዚህ የተፈተነ የንግግር ሕክምና መኖሩን አውቀው ይሂዱ። ሦስተኛው የኃላፊነት ጥያቄ እስኪመጣ አይጠብቁ፤ ለአለቃዎ «በሚቀጥለው ሩብ ዓመት የክፍላችንን አንድ ገጽ እኔ ላቅርብ» ይበሏቸው።

ወደ ልጅዎ ልለፍ፤ በቅድሚያ ግን ስለ ትምህርት ቤት ስም። ደሴ ላይ ስለ ትምህርት ሲነሳ ጨዋታው ቶሎ ወደ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ይሄዳል። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ከሥራቸውና ከማዕረጋቸው አስቀድመው «የስሂን ተማሪ ነበርኩ» ይላሉ፤ ኩራታቸውን አከብራለሁ። ሆኖም ከዚያ ወጥተው ትልቅ ቦታ የደረሱትን ስንቆጥር፣ በየገጠሩ 2ኛና 3ኛ ክፍል ላይ የቀሩትን እኩዮቻቸውን አንቆጥርም። በዚያ ዘመን ስሂን የደረሰ ልጅ ብዙ ወንፊት አልፎ የመጣ ልጅ ነው፤ የመጨረሻው ትምህርት ቤት ስሙን ወሰደ፣ ፊደል ያስቆጠሩት ሰው ግን ተረሱ። ከተማዋ ከሌሎቹ 2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ አንዱን በቦሩ ሜዳው ሊቅ በመምህር አካለ ወልድ መሰየሟን የምወደው ለዚህ ነው። የአንድ ትምህርት ቤት ዋጋ መምህሩ ነው።

ስለዚህ ባለቤትዎ የመረጡትን መዋዕለ ሕፃናት በክፍያው ልክ አይመዝኑት። ገንዘብ የሚፈስበት ሁሉ እንደማይሠራ ማስረጃ አለ፦ እዚያው ቴነሲ ውስጥ ወደ 3,000 የሚጠጉ ልጆች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ በመንግሥት ቅድመ መደበኛ ፕሮግራም የገቡት ልጆች 6ኛ ክፍል ሲደርሱ ካልገቡት ዝቅ ያለ ውጤት እንዳመጡ አሳይቷል። ሕፃን የሚያስቀምጥ ቤት ሁሉ ፔሪ አይደለም። ማለዳ ሄደው አንድ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ይቀመጡ። መምህሯ ስንት ልጅ ይዛለች? የልጆቹን ስም ታውቃለች? አንድ ልጅ ሲሳሳት ፊቷ ምን ይመስላል? ልጆቹ ይጫወታሉ፣ ያወራሉ ወይስ ቀኑን ሙሉ ከሰሌዳ ይገለብጣሉ? መምህራኑ በየመንፈቁ ይለዋወጣሉ? እንዳይገቡ ቢከለክሉዎት ያ ራሱ መልስ ነው።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ ባለቤትዎን «ይቅርብዎት» እላቸዋለሁ። የ4 ዓመት ልጅ ንባብን የምትማረው ድምፁን ከምታውቀው ቃል ጋር እያገናኘች ነው። «ላም» የሚለውን ስታነብ ላሟ በአእምሮዋ ትመጣለች፤ የማታውቀው የባዕድ ቃል ግን ድምፅ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሆን ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። እንግሊዝኛ በዘፈንና በጨዋታ ቢገባ ደግ ነው፤ የማሰቢያ ቋንቋዋን ተክቶ ሲገባ ግን ልጅቱን ዝም ያሰኛታል፤ ዝም ያለች ልጅ ምን እንደምትሆን እርስዎ ያውቁታል። የሚተርፈውን ብር ለምግቧና ለመጻሕፍት ያውሉት፤ ከሁሉ በላይ ግን ያጫውቷት። ጃማይካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1986 በምግብ እጥረት የቀነጨሩ 129 ሕፃናትን የያዘ ሙከራ ነበር። ሠራተኞች በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ያህል ለሁለት ዓመት እየሄዱ እናቶችን ከልጆቻቸው ጋር በቤት በተሠሩ መጫወቻዎች መጫወትንና ማውራትን አስተማሩ። እነዚያ ልጆች በ22 ዓመታቸው ካልተጎበኙት 25 በመቶ የበለጠ ያገኙ ነበር። ተጨማሪ ምግብ ብቻ በተሰጣቸው ላይ ይህ ለውጥ አልታየም።

እናትዎ ያሉትም አይናቅ። ቁርኣን ቤት ድምፅን ለይቶ መስማትን፣ በቃል መያዝን፣ ከታላላቅ ልጆች ጋር መቀመጥን ያስተምራል። መስፈርቱ ግን ያው ነው፤ ዑስታዙ ልጅ ሲሳሳት ምን ያደርጋሉ? የ4 ዓመት ልጅም ብዙ ሰዓት መቀመጥ የለባትም፤ በቀን ጥቂት ደቂቃ ይበቃታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ወንድምዎ ነው። እንደ እሱ ያሉ ልጆች በደሴም በኮምቦልቻም ብዙ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ትምህርት ቤት ሲዘጋ 1ኛ ክፍል የነበረ ልጅ ፊደል ጨብጦ ሳይጨርስ ቤት ዋለ፤ በ2013 ሲመለስ 2ኛ ክፍል ተብሎ ገባ። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ሲደርስ 3ኛ ክፍል ነበር፤ ቤተሰብ ተሰደደ፣ ትምህርት ቤቶች ባዶ ቀሩ፣ የተዘረፉና የተጎዱም ብዙ ነበሩ። ተመልሶ ሲከፈት ማንም ወደኋላ ሄዶ የጎደለውን አልሞላለትም፤ መጽሐፉ ወደፊት ሄደ፣ እሱ እዚያው ቀረ። ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም፤ ቤት ውስጥ ሰነፍ የሚለው ካለ ዛሬውኑ ይቁም።

ንባብ ላይ ይህን ያህል የምጨነቀው ሌላው ሁሉ በእሱ ስለሚያልፍ ነው። የአማርኛ ፊደል 33 በ7 ቢባዛ 231 ነው፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። እነዚህን ሳያስብ፣ ባየበት ቅጽበት የማይለይ ልጅ ጉልበቱን ሁሉ ፊደል ላይ ይጨርስና የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን ይረሳል። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች የተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል በትክክል ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ አገሩ ደነገጠ፤ ድንጋጤው ከዓመታት በፊት በዚያ የ2ኛ ክፍል ውጤት ላይ መሆን ነበረበት። ወንድምዎ 9ኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። በአማርኛ ሳይፈታ የቀረ ንባብ በእንግሊዝኛ አይፈታም። ከፊቱ ያለው ጊዜ አጭር ቢሆንም ይበቃዋል።

መፍትሔው ለወሎ ሰው አዲስ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደሉን ሳይለይ አቡጊዳ አይገባም፤ ንባቡ ሳይቀና ዳዊት አይደግምም። በቁርኣን ቤትም ሉሁ (የእንጨት ሰሌዳው) ላይ የተጻፈለትን ካልያዘ አይታጠብለትም። በወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት በዳናና በገታ የተማሩ ደረሶች፣ ከእነሱ በፊትም በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሐይቅ እስጢፋኖስ ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ሥር የተቀመጡ ተማሪዎች ወደሚቀጥለው የተሻገሩት ያለፈውን ሲይዙ ነው፤ ዓመት ስለተቆጠረ አልነበረም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ልጆችን በዕድሜ አስልፎ ሲያሳልፍ ይህን ትልቅ ጥበብ ጣለው። ሕንድ ውስጥ ፕራታም የተባለ ድርጅት በቀን ለተወሰነ ሰዓት ልጆችን ከክፍል ደረጃቸው አውጥቶ በሚያነቡት ልክ በቡድን እየመደበ ሲያስተምር፣ ወደኋላ የቀሩት በጥቂት ወራት ንባብ ሲይዙ በተደጋጋሚ ታይቷል።

እርስዎም ቤት ውስጥ ይህንኑ ያድርጉ። የ1ኛ፣ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል የአማርኛ መጻሕፍት ይፈልጉ፤ ሳይደናቀፍ የሚያነብበትን ገጽ እስኪያገኙ ወደታች ይውረዱ፤ ከዚያ ገጽ ይጀምሩ። በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል፤ የሚሻለው በየቀኑ መሆኑ ነው። እርስዎ አንድ አንቀጽ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡ፣ እሱ ያንኑ ይድገም፤ ለእርስዎም የመጀመሪያው የልምምድ ደረጃ ይሆናል። የተሳሳተውን ቃል ዝም ብለው በትክክል ያንብቡለትና ይቀጥል። የሚስተውን ፊደል ለብቻ ጽፈው ይያዙ፤ ብዙውን ጊዜ ችግሩ በጥቂት ቤቶችና በዲቃሎች ላይ ተሰብስቦ ይገኛል። የአማርኛ መምህሩንም ያነጋግሩ፤ ክፍል ውስጥ ሳያዘጋጁት በድንገት እንዳያስነብቡት፣ የሚያነበውን ከአንድ ቀን በፊት እንዲነግሩት ይጠይቋቸው።

የ13 ዓመት ልጅ የ2ኛ ክፍል መጽሐፍ መያዝ ያሳፍረዋል። ስለዚህ ለራሱ ከማንበቡ ሌላ ለትንሿ ልጅዎ ተረት የማንበብ ሥራ ይስጡት፤ ለ4 ዓመት ልጅ የተጻፈ መጽሐፍ በእሱ ደረጃ ያለ መጽሐፍ ነው፤ የሚሰማውም ሰው አያርመውም።